«ኮንሲየርዧ ደረጃ ላይ ናት»፦ የፓሪስ በረኞች ክፍል ለምን ይሸጣል?

ፓሪስ ውስጥ ትንሽ ቤት ሲፈልግ የሰነበተ ሰው አንድ የማስታወቂያ ሐረግ ሳይሸመድድ አይቀርም፦ «የቀድሞ የኮንሲየርዥ ሎዥ»፤ የሕንፃ በረኛ ክፍል እንደማለት ነው። ምድር ቤት ነው። ወደ ውስጥ ግቢው ያያል። 15 ወይም 20 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፤ አልጋው ታጥፎ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ምድጃው ጥግ ተወሽቋል። እስከዚህ ድረስ እንደማንኛውም ስቱዲዮ ነው። በሩን ልብ ብሎ ላየ ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል። የበሩ ግማሽ መስታወት ነው። የሰው መኝታ ቤት በር መስታወት ምን ያደርግለታል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ክፍሉ የተሠራው ለመተኛት ብቻ አይደለም፤ ለማየት ነው። ከመንገድ ገብቶ ወደ ደረጃው የሚያልፍ ሁሉ በዚያ መስታወት ፊት ማለፍ ነበረበት። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከዳንቴሉ መጋረጃ ኋላ፣ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ ድንች ትልጣለች። (ዳንቴል የሚለውን ቃል ራሱን ከፈረንሳዮች ነው የወሰድነው።) ድንቿን እየላጠች ማን እንደገባ፣ ከማን ጋር እንደገባ፣ በስንት ሰዓት እንደገባ ታውቃለች።

ዛሬ እየተሸጠ ያለው ይህ ክፍል ነው። የሕንፃው ባለንብረቶች ስብሰባ ይቀመጣሉ፤ እጅ ያወጣሉ፤ ሥራው ይሰረዛል፤ ክፍሉ ገበያ ይወጣል። «ገንዘብ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ገንዘብም አለበት። ግን ፈረንሳዮች ከዚህ ክፍል ጋር የሁለት መቶ ዓመት ጠብ አላቸው። ጠቡ ደግሞ በልቦለዶቻቸው ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። ያንን ሳያዩ ሽያጩን መረዳት ይከብዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ሎዥ ሲባል ላንጋኖ ዳር ያለው ሎጅ ትዝ ያላችሁ ብዙም አልተሳሳታችሁም፤ ቃሎቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ኮንሲየርዥን በአማርኛ ምን እንደምንላት ግን ቸግሮኛል። ዘበኛ እንዳንላት ካፖርት ደርባ ደጅ የምታነጋ አይደለችም። በረኛ ይቀርባል፤ ግን በረኛ ሲባል ግማሹ አንባቢ የሚታየው ኳስ ነው። ደግሞም በረኛ በር ላይ ይቆማል እንጂ እዚያው አይኖርም። ኮንሲየርዧ ቤቷም ሥራ ቦታዋም ያው አንድ ክፍል ነው። ደረጃ ትወለውላለች፣ ፖስታ ታድላለች፣ የቆሻሻ ገንዳ ታወጣለች፣ ቁልፍ ለጠፋበት መለዋወጫ ትሰጣለች፣ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚጠግን ትጠራለች። ክፍሏ ውስጥ ከሌለች በሩ ላይ «ኮንሲየርዧ ደረጃ ላይ ናት» የሚል ጽሑፍ ይንጠለጠላል። ይህች ዓረፍተ ነገር ፈረንሳይ ውስጥ ከመለመዷ የተነሣ የአባባል ያህል ሆናለች።

የሚገርመው፣ ቃሉ በጥንት ዘመኑ የጌታ ቃል ነበር። በመካከለኛው ዘመን የንጉሡ ኮንሲየርዥ በፓሪስ መሐል፣ በደሴቷ ላይ የነበረውን ቤተ መንግሥት የሚያስተዳድር ሹም ነው። በእኛ ቤት አጋፋሪ ወይም እልፍኝ አስከልካይ ብንለው ያስኬዳል። ነገሥታቱ ግቢውን ለቀው ወደ ሌላ ሲሄዱ ሹሙ ቀረ። ከግቢው ከፊሉ እስር ቤት ሆነ፤ ስሙም ከሹሙ ተወስዶ ኮንሲየርዥሪ ተባለ። ንግሥት ማሪ አንቷኔት በጥቅምት 1793 አንገቷ ከመቀላቱ በፊት የመጨረሻዎቹን ሁለት ወር ተኩል ያሳለፈችው እዚያ ነው። ከሹም ወደ እስረኛ ጠባቂ፣ ከዚያ ወደ ደረጃ ወልዋይ። እንዲህ ቁልቁል የተንከባለለ ማዕረግ ብዙ አላውቅም።

የገመዱ ዘመን

የበረኛ ክፍል መጀመሪያ የመኳንንት ግቢ ነገር ነበር። ወደ ተራው ሕንፃ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ፓሪስ በሰው ሞላች። የማይተዋወቁ አሥርና ሃያ ቤተሰቦች በአንድ ጣሪያ ሥር ገብተው አንድ ደረጃ መጋራት ጀመሩ። የሕንፃው ባለቤት ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው። ኪራይ በየሦስት ወሩ ይሰበሰባል። ማን ይሰብስብለት? ያልከፈለውን ማን ይከታተልለት? ከ1853 እስከ 1870 የከተማዋ አስተዳዳሪ ባሮን ኦስማን አሮጌ ሰፈሮችን እያፈረሰ ሰፋፊ ጎዳናዎችን ሲያወጣ፣ በጎዳናዎቹ ዳር የተነሡት የድንጋይ ሕንፃዎች ሎዡን እንደ ደረጃና እንደ ጣሪያ የማይቀር አካላቸው አድርገው ተሠሩ።

አቀማመጡን ልብ በሉ። ከመንገድ ሠረገላ በሚያስገባ ትልቅ የእንጨት በር ይገባል። ቀጥሎ መተላለፊያ አለ። በመተላለፊያው ጎን ሎዡ። ትንሽ አለፍ ብሎ ምንጣፍ የለበሰው የጌቶች ደረጃ። ከግቢው በኩል ደግሞ ጠባቡ የሠራተኞች ደረጃ፣ ጣሪያ ሥር እስከተደረደሩት የገረዶች ክፍሎች ድረስ የሚወጣ። ሎዡ መሐል ላይ ነው። ሥጋው በየትኛው ደረጃ እንደወጣ፣ ባለዕዳው በየትኛው እንደሾለከ ከዚያ ይታያል።

ማታ በሩ ይቆለፋል። ተከራዩ ቁልፍ የለውም። እኩለ ሌሊት ላይ ከቲያትር የተመለሰ ሰው ደወል ይደውላል። ኮንሲየርዧ ከአልጋዋ ሳትነሣ ከራስጌዋ የተንጠለጠለውን ገመድ ትስባለች፤ በሩ ይከፈታል። ገቢው በሎዡ በኩል ሲያልፍ በጨለማው ስሙን ይጠራል። መውጣት የፈለገ ደግሞ «ኮርዶን፣ ሲል ቩ ፕሌ!» ብሎ ይጮሃል። «ገመዱን፣ እባክሽ!» ማለቱ ነው። ይህንን ለሃያ ለሠላሳ ዓመት አስቡት። አንዲት ሴት በየሌሊቱ ሦስቴ አራቴ ከእንቅልፏ ትነቃለች። አንድ ተከራይ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ጌታ ቢሆን፣ በር ጠባቂዋ ሳትሰማ ቤቱ አይገባም። ጠቡ የተጀመረው እዚያ ገመድ ላይ ይመስለኛል።

ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው በሌሊት ዕቃውን ሸክፎ ይጠፋ ነበር። ለዚህ ፈረንሳይኛ ቆንጆ አባባል አለው፦ «በእንጨት ደወል ቤት መቀየር»። የብረት ደወል ሎዡን ይቀሰቅሳል፤ የእንጨት ደወል ማንንም አያነቃም።

ደመወዟ ትንሽ ስለነበር ቀሪው ከተከራይ ኪስ ይመጣል። ቤት የተከራየ ሰው ገና ሲገባ «የእግዜር ሳንቲም» የሚሉትን ጉርሻ ይሰጣታል። ማገዶ ሲራገፍለት አንድ ፍልጥ ሎዡ ዘንድ ይቀራል። ለአዲስ ዓመት ደግሞ በፖስታ የታሸገ ብር። ይህ የመጨረሻው ዛሬም አለ። ስንት ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ዲሴምበር በመጣ ቁጥር ይነሣል። ትንሽ ከሰጠህ ስስታም ነህ፣ ብዙ ከሰጠህ የሚደበቅ ነገር አለህ።

ጸሐፊውም ተከራይ ነው

ለልቦለድ ጸሐፊ ሎዥ ከሰማይ የወረደ መና ነው። ሃያ ቤተሰብ የሚያውቅ አንድ ገጸ ባሕርይ ከየት ይገኛል? ምሥጢር የሚፈልግ ሰው መስኮቱን ማንኳኳት ብቻ ነው ያለበት። የዦርዥ ሲምኖን መርማሪ ሜግሬ ስንቱን ምርመራ ከዚያ መስኮት ጀምሯል!

ጸሐፊዎቹ ውለታውን የመለሱት ግን በስድብ ነው። ኤዦን ሱ በ1842 እና በ1843 በጋዜጣ ላይ በተከታታይ ባወጣው «የፓሪስ ምሥጢሮች» ፒፕሌ የሚባሉ ባልና ሚስት በረኞችን ፈጠረ። ባልየው ጫማ ጠጋኝ ነው፤ አንድ ቀልደኛ ሠዓሊ መግቢያ መውጫ ያሳጣዋል። አገር ሳቀ። ስሙ ከመጽሐፉ ሾልኮ ወጥቶ ተራ ቃል ሆነ። ዛሬ ፈረንሳይኛ ወሬ የማይጠግብን ሰው «ፒፕሌት» ይለዋል፤ ቃሉን ከሚናገሩት ስንቱ መጽሐፉን እንዳነበበው እንጃ።

ባልዛክ ይብሳል። በ1847 በወጣው «የአጎት ልጅ ፖንስ» ውስጥ ማዳም ሲቦ የምትባል ኮንሲየርዥ አለች። ባሏ እዚያው ሎዡ ውስጥ ልብስ ይሰፋል። እሷ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ሁለት ላጤ ሽማግሌ ሙዚቀኞች ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ታጸዳለች። ዓመታት በሰላም አለፉ። ከዚያ አንደኛው፣ ፖንስ፣ ታሞ ተኛ። እሷም ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት አቧራ የለበሱ ሥዕሎች የሀብት ክምር መሆናቸውን ሰማች። ያው ሾርባ የሚያቀርበው እጅ ሥዕሎቹን ወደ ገበያ የሚያወጣ እጅ ሆነ። ባልዛክ ይህንን ሲጽፍ አይቸኩልም። በየገጹ ትንሽ ትንሽ ትበላሻለች። አስፈሪነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ትናንት ደግ ነበረች፣ ደግነቷም የውሸት አልነበረም።

ግን ባልዛክ ገለልተኛ ምስክር አይደለም። ዕዳ እስከ አንገቱ ውጦት ነበር። ከ1840 እስከ 1847 ፓሲ በሚባለው ሰፈር የኖረው በሌላ ስም ቤት ተከራይቶ ነው። ቤቱ ሁለት መውጫ ነበረው፤ አበዳሪ በአንዱ ሲመጣ በሌላው ለመሹለክ ይመቻል። እንዲህ ለሚኖር ሰው፣ በር ላይ ቁጭ ብላ ገቢ ወጪውን የምትቆጥር ሴት ምን ሆና እንደምትታየው መገመት አያዳግትም። የኮንሲየርዥን መልክ የሣሉልን ሰዎች በመስኮቷ ፊት አጎንብሰው የሚያልፉት ተከራዮች ናቸው። እሷ በበኩሏ ስለ እነሱ ልቦለድ አልጻፈችም። ብትጽፍ ኖሮ የማን ጉድ ይወጣ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ኤሚል ዞላ ነገሩን ገልብጦ አየው። በ1882 «ፖ ቡይ» የሚል ልቦለድ አወጣ፤ የዘወትር ወጥ ድስት እንደማለት ነው። ሩ ደ ሹዋዜል በሚባለው መንገድ ላይ ያለ አንድ ሕንፃ ነው ታሪኩ። ደረጃው ይሞቃል፣ ግድግዳው እብነ በረድ አስመስሎ ተቀብቷል፣ ምንጣፉ ቀይ ነው፤ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ግን ምንጣፉ ያልቃል። በረኛው ሙሴ ጉር ነው፤ ድሮ የአንድ መስፍን አሽከር የነበረ፣ የቬልቬት ቆብ የሚደፋ፣ ከጌቶቹ በላይ ጌታ። በየፎቁ ሰው ከሰው ሚስት ጋር ይተኛል። ጉር ያውቃል፤ ዝም ይላል። ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ጫማ እየሰፋች የምትኖር አንዲት ነፍሰ ጡር ግን ሰላም ነሳችው። ሆዷ ሲገፋ የሕንፃው ክብር የተነካ ያህል ያንገበግበዋል። በመጨረሻ ከነሆዷ አባረራት።

ይህ ክፍል ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጉር ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በሩን የሚጠብቀው ከሌባ አይደለም፤ ከሐፍረት ነው። የጌቶቹን ሐፍረት በመስታወቱ አሳልፎ፣ የድሃዋን ሐፍረት ደጅ ያወጣል። ለዚህ ነው የሚከፈለው።

ፖሊስም የሎዡን ጥቅም ቀድሞ ነው ያወቀው። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮንሲየርዥ ማለት በሕዝቡ አፍ ጆሮ ጠቢ ማለት ነበር። ሲምኖን በ1933 ባወጣው የሙሴ ኢር ታሪክ ውስጥ፣ ፖሊስን በአንድ ብቸኛ ጎረቤት ላይ የምታነሣሣው ኮንሲየርዧ ናት፤ ደም የነካው ፎጣ አይታ። ሰውዬው ከሰው አይገጥምም። ጥፋቱ ይኸው ነበር።

ከዚያ 1942 መጣ፤ ልቦለድ ያልሆነው። ሐምሌ 16 እና 17 የፓሪስ ፖሊስ በጀርመኖች ጥያቄ 13 ሺህ ገደማ አይሁዶችን ከየቤታቸው ለቀመ። ለፖሊሶቹ የተሰጠው መመሪያ ተርፏል። ጋዝና ውኃ ይዘጋ ይላል። የቤት እንስሳት ለኮንሲየርዧ ይሰጡ ይላል። እስቲ አስቡት፤ እናትና ልጆች ተጎትተው ደረጃ ሲወርዱ ድመቷ ሎዥ ትቀራለች። ፖሊስ የማያውቀው ደረጃ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሎዡን መስታወት ነው። ከውስጥ የሚመጣው መልስ ያድናል ወይም ይገድላል። «ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ» ያለች አለች። «ባለፈው ሳምንት ለቀው ሄደዋል» ያለች አለች። ልጆችን ሎዥ ውስጥ የደበቀች አለች፤ ባዶውን አፓርታማ በማግስቱ የዘረፈችም አለች። ኢየሩሳሌም የሚገኘው የአይሁዶች እልቂት መታሰቢያ ያድ ቫሼም «ጻድቃን» ብሎ ካከበራቸው መካከል የፓሪስ ኮንሲየርዦች ይገኙበታል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር ያለው። አሳልፋ የሰጠችውም ያዳነችውም ያወቁት አንድ ነገር ነው፤ በየትኛው በር ማን እንደሚኖር። ሰው ስለ ሎዥ ሲያወራ ወይ ጆሮ ጠቢዋን ብቻ ያነሣል፣ ወይ ደጓን እናት ብቻ። ዓይኑ ግን አንድ ነው።

ፖርቹጋሎቹ

መጀመሪያ ሎዡን የሞሉት ከገጠሪቱ ፈረንሳይ፣ ከብሬታኝ፣ ከኦቬርኝ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ስፔኖች ተከተሉ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ፖርቹጋሎች መጡ። ከአምባገነኑ ከሳላዛር አገዛዝ፣ ከድህነትና በ1961 አፍሪካ ውስጥ ከተጀመረው የቅኝ ግዛት ጦርነት የሸሹ ናቸው። ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት ከፓሪስ ወጣ ብሎ ሻምፒኚ በሚባል ቦታ በነበረው የጭቃና የቆርቆሮ ሰፈር ነው። ባሎች ግንባታ ገቡ። ሚስቶች ሎዥ አገኙ። ሎዥ ጠባብ ነው፣ ጨለማ ነው፤ ግን ጣሪያ አለው፣ ውኃ አለው፣ አድራሻው የሀብታም ሰፈር ነው። ልጅ እዚያ ሰፈር ትምህርት ቤት ይመዘገባል። ቤት ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ሥራ ለስደተኛ ምን ማለት እንደሆነ ቤይሩትም ሪያድም ሰው ቤት ተቀጥራ የኖረች እህታችን ታውቀዋለች፤ ሥራው ሲያልቅ ቤቱም እንደሚያልቅ ጭምር።

በ2013 የወጣው «ወርቃማው ጎጆ» የተባለ ፊልም ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። ማሪያ ኮንሲየርዥ ናት፣ ባሏ ዦዜ ግንበኛ። አንድ ቀን ፖርቹጋል ውስጥ ርስት ይደርሳቸዋል። ለመሄድ ሲያስቡ ሕንፃው በሙሉ ይደነግጣል፤ ያለ እነሱ እንደማይቆም ያኔ ገባው። ዳይሬክተሩ ሩበን አልቭሽ ራሱ የኮንሲየርዥና የግንበኛ ልጅ ነው። ከሎዡ ውስጥ የመጣ ታሪክ ለማየት ያን ያህል ጊዜ ፈጀ።

ከዚያ በፊት በ1978 ዦርዥ ፔሬክ የአንድን የፓሪስ ሕንፃ ፊት ገሽልጦ ክፍል በክፍል የሚያሳይ ትልቅ ልቦለድ ጽፎ ነበር፤ ሎዡንም አልዘለለውም። በጣም የተነበበው ግን በ2006 የወጣው የሙርዬል ባርቤሪ መጽሐፍ ነው። ረኔ 54 ዓመቷ ነው፤ ሩ ደ ግረኔል ቁጥር 7 ላይ ለ27 ዓመት ኮንሲየርዥ ሆናለች። ቶልስቶይ ታነባለች፤ ድመቷን ሊዮን ያለችውም ለዚያ ነው። ግን ማንም እንዲያውቅባት አትፈልግም። ቴሌቪዥኑን ሎዡ ውስጥ ከፍታ ትተወዋለች፣ ድምፁ እንዲሰማ። የድሃ ወጥ የሚሸት ነገር ትገዛለች፣ ለድመቷ። ሀብታሞቹ ኮንሲየርዥ ምን መምሰል እንዳለባት ከኤዦን ሱና ከባልዛክ ተምረዋል፤ እሷም ያንን ትጫወትላቸዋለች። መስታወቱ ከሁለቱም በኩል እንደሚያሳይ የገባት ገጸ ባሕርይ ናት። መጽሐፉ አንዳንዴ በብልጠቱ ይኮራል፤ እሱ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ቢሆንም የቴሌቪዥኗ ብልሃት ብቻዋን ዋጋውን ታወጣለች።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፈረንሳይ ውስጥ የጋራ ሕንፃዎች የሚተዳደሩት በ1965 በወጣ ሕግ ነው። እንደኛ ኮንዶሚኒየም ማኅበር፣ ባለንብረቶቹ ጉባኤ አላቸው፣ መዋጮ ይከፍላሉ፤ የኮንሲየርዧ ደመወዝና የሎዡ ወጪ የሚወጣው ከዚያ ነው። የመዋጮው ወረቀት ሲመጣ ደግሞ ዓይን የሚያርፈው እዚያች መስመር ላይ ነው።

ሎዡን አስሉት። የፓሪስ አማካይ የካሬ ሜትር ዋጋ በ2019 ከ10 ሺህ ዩሮ አልፎ ነበር፤ በኋላ ትንሽ ወርዷል። በዚያ ዋጋ 20 ካሬ ሜትር ሎዥ 200 ሺህ ዩሮ ነው። ባለንብረቶቹ 20 ቢሆኑና እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ 10 ሺህ። ጣሪያ ማሳደስ ያለበት፣ ሊፍቱ ያረጀበት ሕንፃ ይህንን ሒሳብ ሲሰማ ምን እንደሚል አትጠይቁኝ።

ሕጉ ግን ቀላል አላደረገውም። ሥራውን መሰረዝና ክፍሉን መሸጥ በአንድ ጉባኤ አብረው መቅረብ አለባቸው። ለማለፍ ከባለንብረቶቹ የብዙኃኑ ድምፅ ያስፈልጋል፣ እነሱም ከጠቅላላው ድምፅ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን መያዝ አለባቸው። የሕንፃው ደንብ ኮንሲየርዥ መኖሩን የሕንፃው መለያ ካደረገውና መሰረዙ ያንን ከነካው ደግሞ አንድ ሰው እንኳ ሳይቀር መስማማት አለበት። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማንም ማንንም አያባርርም። ጡረታ እስክትወጣ ይጠበቃል። ትወጣለች። ሌላ አይቀጠርም። ሎዡ ጨልሞ ይከርማል፤ ከዚያ ማስታወቂያው ይወጣል። አንዳንዱ ሎዥ ለዚህም አይሆንም። ሰው እንዲኖርበት ሊከራይ የሚችል ክፍል ቢያንስ 9 ካሬ ሜትር ስፋትና 2.20 ሜትር ከፍታ፣ ወይም 20 ሜትር ኩብ ይዘት እንዲኖረው ይጠየቃል። ኮንሲየርዥ ስንት ዘመን የኖረችበት ክፍል ዛሬ የብስክሌት ማቆሚያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራውስ? ተበታተነ። ከ1979 ጀምሮ አዲስ ሕንፃ የፖስታ ሳጥን መግቢያው ላይ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ፤ ፖስታ ማደል ቀረ። በ1980ዎቹ የቁጥር ኮድ የሚነካበት በር ተስፋፋ፤ ገመዱን ያስቀረው ቁልፍም ትርጉሙን አጣ። ጽዳቱን ኩባንያ ያዘው፤ ሠራተኛው በሳምንት ሁለቴ መጥቶ ስሙን ሳይነግር ይሄዳል። ለቱሪስት የሚከራዩ ቤቶች ቁልፋቸውን አጥር ላይ በተንጠለጠለች የብረት ሳጥን ያኖራሉ። እነዚህን ቤቶች የሚያስተዳድሩት ድርጅቶች ደግሞ ምን ተብለው እንደሚጠሩ ገምቱ፤ «ኮንሲየርዥሪ»። የንግሥቲቱ እስር ቤት ስም አሁን አንሶላ ቀያሪ ድርጅት ሆነ። በ2015 ፓሪስ ማሬ ሰፈር የተከፈተች አንዲት ኪዮስክ ይሻላል፤ መብራት ለመቀየር፣ ቁምሣጥን ለማንሣት ጎረቤት ታገናኛለች። ሎዡ ከሕንፃው ወጥቶ መንገድ ዳር ቆመ ማለት ነው።

አሁንም የሚሠሩት ኮንሲየርዦች ብዙ ናቸው፤ ስማቸው «ጋርዲየን» ሆኗል፣ ኮንሲየርዥ ስድብ ስለመሰለ። በ1979 በተፈረመው የጋራ ስምምነት አንዱ የሥራ ዓይነት የሚለካው በሰዓት አይደለም፤ በነጥብ ነው። ደረጃው ነጥብ አለው። ገንዳው ነጥብ አለው። ፖስታው ነጥብ አለው። ተደምሮ 10 ሺህ ሲሞላ የሙሉ ጊዜ ሥራ ይሆናል። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ድሮ እንደ ባሪያ ነበር የሚያሠሯቸው። ግን «የአራተኛ ፎቋ ባልቴት ዛሬ አልወረደችም» ብሎ መጠርጠር በየትኛው ነጥብ ይገባል?

አንድ ተቃርኖ አለ። በ2001 መጨረሻ የወጣ ደንብ በተወሰኑ አካባቢዎች ላሉ ትላልቅ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ለ100 ቤት አንድ ጠባቂ እንዲኖር ያስገድዳል። ድሃው ሰፈር ሰው እንዲኖረው ሕግ ያዝዛል፤ ሀብታሙ ሰፈር ያለውን ሰው በድምፅ ብልጫ ያሰናብታል።

ነሐሴ 2003 ፈረንሳይን ከባድ ሙቀት መታት። 15 ሺህ ያህል ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። ፓሪስ ውስጥ አደገኛው ቦታ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው የላይኛው ፎቅ ነበር፤ የድሮዎቹ የገረድ ክፍሎች። ብዙዎቹ ብቻቸውን ነበሩ። በመስከረም መጀመሪያ ፈላጊ ያላገኙ 57 አስከሬኖች በከተማዋ ደቡብ በሚገኘው የቲዬ መቃብር ተቀበሩ፤ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ በቀብሩ ተገኙ። ኮንሲየርዥ ቢኖር አይሞቱም ነበር ማለቴ አይደለም። ሙቀት በር አያንኳኳም። ግን ቢያንስ ማን እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው ይኖር ነበር።

ቪክቶር ሁጎ ይህንን ቀድሞ ጽፎታል፤ ያውም የአማርኛ አንባቢ በሚያውቀው መጽሐፍ፣ በ1862 በወጣውና እኛ «ምንዱባን» በምንለው። ዣን ቫልዣን በመጨረሻ ልጁን ለባል ድሮ ብቻውን ቀረ። በየቀኑ የሚወጣው የእግር ጉዞ እያጠረ ሄደ፤ ከዚያ ከክፍሉ መውጣት ተወ። ያስተዋለችው የበሯ ሴት ናት። ምግብ ታመጣለታለች፤ ሳህኑ ሞልቶ ያድራል። ምንም አልበላህም ስትለው የውኃ ማሰሮውን ያሳያታል፤ ባዶ ነው። ያ መጠጣትህን እንጂ መብላትህን አያሳይም ትለዋለች። ውኃ ብቻ ብራብስ? ይላል። እሱ ጥም ይባላል፤ ከምግብ ጋር ካልሆነ ደግሞ ትኩሳት ይባላል።

በማግስቱም በማግስቱም ታየዋለች። ታጉረመርማለች። ለባሏ ትነግራለች፣ ባሏ ይከራከራታል። በኋላ የሰፈሩ ሐኪም በመንገዱ ጫፍ ሲያልፍ ታየውና ትጠራዋለች። ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ በቀጥታ ግባ፤ ሽማግሌው ከአልጋ ስለማይነሣ ቁልፉ በሩ ላይ ነው። ሐኪሙ ወርዶ በሽተኛው የሚወደውን ሰው ያጣ ይመስላል፤ በዚህ ሰው ይሞታል ይላታል። እሱስ ምን ብሎ ነገረህ? ትለዋለች። ደህና ነኝ አለኝ ይላታል። ሁጎ ለዚህች ሴት ስም እንኳ አልሰጣትም። ማዳም ሲቦ ስም አላት፣ ፒፕሌ ስሙ መዝገበ ቃላት ገብቷል።

ማስታወቂያው ላይ ያለችው ስቱዲዮ ስትሸጥ፣ ገዥው መጀመሪያ የሚያደርገውን መገመት ቀላል ነው። የበሩን መስታወት ያደበዝዛል፤ ወይ ፕላስቲክ ይለጥፍበታል፣ ወይ ወፍራም መጋረጃ ይሰቅላል። አልፎ ሂያጅ አልጋውን እያየው እንዴት ይተኛል? ማታ ብርሃኑን ያጠፋል። የመተላለፊያው መብራት በራሱ ይበራል። ኮድ የነካ ሰው ገብቷል። በደበዘዘው መስታወት ላይ ጥላ ያልፋል፣ የሻንጣ ጎማ ይንኳኳል፣ እግር ደረጃ ይወጣል። የማን እንደሆነ አያውቅም።